ቪፒኤኑ ተገናኝቷል፣ ዳታ ግን አያልፍም፦ የሦስት ሱቅ ኔትወርክ አስተካከል

ዋናው ሱቅ መርካቶ፣ ቅርንጫፉ ቦሌ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ ነው። ሱቆቹን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኘው ቪፒኤን፣ ዋየርጋርድ፣ «ተገናኝቷል» ይላል፤ የቦሌው የሽያጭ ኮምፒውተር ግን መርካቶ ያለውን የስቶክ ሰርቨር አያገኘውም። ምክንያቱ ሦስቱም ራውተሮች ከፋብሪካ በመጡበት በአንድ ዓይነት የአድራሻ ክልል፣ 192.168.1.0/24 (ከ192.168.1.0 እስከ 192.168.1.255) ላይ መሆናቸው ነው። ኮምፒውተሩ የሰርቨሩን አድራሻ 192.168.1.10ን ሲፈልግ እዚያው ሱቅ ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ጥያቄውን ወደ ራውተሩ ጭራሽ አይልከውም።

አድራሻውን መለየት ግድ ነው፦ መርካቶ 10.10.1.0/24፣ ቦሌ 10.10.2.0/24፣ ቃሊቲ 10.10.3.0/24። የመጨረሻው ቁጥር ከ2 እስከ 49 ያለው ለሰርቨር፣ ለፕሪንተርና ለካሜራ ቋሚ ይሁን፤ አድራሻ በራሱ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ከ100 እስከ 199 ይስጥ። የፕሪንተሮቹን አድራሻ ከራውተሩ በፊት ቀይሩ፤ አለዚያ በኋላ አታገኟቸውም።

ቋሚ የሕዝብ አይፒ የሚያስፈልገው መርካቶ ብቻ ነው። ቦሌና ቃሊቲ በሞባይል ኢንተርኔት ከኦፕሬተሩ ናት (ብዙ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አይፒ የሚያወጣ አሠራር) ጀርባ ስላሉ ግንኙነቱን እነሱ ይጀምሩ፤ ኪፕአላይቭ (መስመሩ እንዳይዘጋ የሚላክ ምልክት) በየ25 ሰከንድ ይበቃል። መርካቶ ላይ በዋየርጋርድ የተፈቀዱ አድራሻዎች (AllowedIPs) ውስጥ የቅርንጫፉን ኔትወርክ በሙሉ አስገቡ። የቅርንጫፉን ራውተር የቪፒኤን አይፒ ብቻ ካስገባችሁ ራውተር ለራውተር ፒንግ (የመገናኘት ሙከራ) ይደራረጋል፣ ከኮምፒውተር ግን እምቢ ይላል፤ ብዙ ሰዓት የሚበላው ይሄ ነው። ማይክሮቲክ ራውተር ላይ ራውቱም (ዳታው የሚሄድበት መንገድ) በእጅ ይጨመራል።

ከዚህ በኋላ ፒንግ እያለፈ ትልቅ ሪፖርት መሃል ላይ ከቆመ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ኤምቲዩ (የአንድ የዳታ ጥቅል ከፍተኛ መጠን) ነው። ከ1420 ወደ 1380 ባይት ማውረድና ኤምኤስኤስን (በጥቅሉ ውስጥ የሚጫነው የዳታ ልክ) 1340 ላይ መገደብ ፈታው።

የደንበኞች ዋይፋይ በራሱ ቪላን (የተለየ ምናባዊ ኔትወርክ) ይሁን፣ የሦስቱን ቦታዎች አድራሻ ወደያዘው 10.10.0.0/16 አይግባ።