አፑን ከማስረከብህ በፊት ላይሰንሱን እይ

ልጆቹ አፕ ጨርሰው ሲያመጡልኝ ዲዛይኑን መጀመሪያ አላይም። በፍላተር (የአፕ መሥሪያ ነው) የተሠራ ከሆነ ፐብስፔክ ሎክ (pubspec.lock) የሚለውን ፋይል ነው የምከፍተው። የመረጥናቸው ፓኬጆች (ሌሎች ጽፈው ያቀረቧቸው ዝግጁ ኮዶች) ብቻ ሳይሆኑ እነሱ ጎትተው ያመጧቸውም የሚታዩት እዚያ ነው። ከዚያ የእያንዳንዱን ላይሰንስ፣ ማለትም ኮዱን በምን ደንብ መጠቀም እንደሚቻል የሚገልጸውን ፈቃድ አያለሁ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ጭራሽ ላይሰንስ የሌለው ፓኬጅ ከአፑ ይወጣል። ኮዱ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ለሁሉም ስለታየ ፈቃድ ተሰጠ ማለት አይደለም፤ የቅጂ መብቱ እንዳለ የጸሐፊው ነው። ባለቤቱን ላይሰንስ እንዲጨምር መጠየቅ ግን ይቻላል።

ላይሰንሱ ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲ ወይም አፓቺ 2.0 ከሆነ እፎይ በል። አፑን ሽጥ፣ ኮድህንም ዝግ አድርገህ ያዝ። የቅጂ መብት ማስታወሻውና የላይሰንሱ ጽሑፍ ግን ከአፑ ጋር መሄድ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚዘላት ይህቺን ነው። ፍላተር ላይ መላው ቀላል ነው፦ "ስለ አፑ" ገጽ ላይ ሾው ላይሰንስ ፔጅ (showLicensePage) የሚባለውን የፍላተር ፋንክሽን የሚጠራ አንድ በተን አድርግ፤ የፓኬጆቹን ጽሑፍ ራሱ ሰብስቦ ያሳያል።

ጂፒኤል የሚባለውን ላይሰንስ ካየህ ቆም በል። "ጂፒኤል አይሸጥም" የሚሉህን አትስማ፤ ይሸጣል። ግን አፑን የሰጠኸው ሰው የሙሉ አፑን ሶርስ ኮድ (አፑ የተጻፈበትን ኮድ) በዚያው በጂፒኤል የማግኘት መብት አለው። ደንበኛህ ኮዱ እንዲወጣ ካልፈለገ ሌላ ፓኬጅ ፈልግ። አፕ ስቶርም ሌላ ጣጣ አለው። ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአፕል ስቶር የወረደው የስቶሩ ደንብ ከጂፒኤል ጋር ይጋጫል ተብሎ ነው። የተመለሰው ላይሰንሱ ከተቀየረ በኋላ፣ በ2013 ነበር።

የጂፒኤል ኮድ አንተው ሰርቨር ላይ ብቻ ከሠራ ለማንም ስላልሰጠኸው ግዴታው አይመጣም። ኤጂፒኤል የሚባለው ላይሰንስ ግን ይህንን ቀዳዳ ደፍኗል። ኮዱን ነካክተህ ሰዎች በኔትወርክ ከተጠቀሙበት ሶርሱን ልታቀርብላቸው ይገባል።

ፎንትም ላይሰንስ አለው! ከቴሌግራም ቻናል የወረደ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የአማርኛ ፎንት አፕ ውስጥ አታስገባ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጡ ናቸው። አፕህ ውስጥ ከተህ አፑን መሸጥ ትችላለህ፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን አይፈቀድም። ራስህ አውርደህ ያስገባኸውን ፎንት ላይሰንስ ደግሞ ፍላተር በራሱ አያነሳውም። ላይሰንስ ሬጂስትሪ (የፍላተር የላይሰንስ መዝገብ) ላይ በእጅህ ጨምረው።