የፍሬሽማን ፊዚክስ እንዴት ይጠናል? ከፎርሙላ በፊት የሚሠራው ሥራ

ጄኔራል ፊዚክስ የሚከብደው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ፎርሙላ የጎደለው አይደለም። ፎርሙላውን በቃሉ ይወጣዋል፤ የሚጠፋው የትኛው አካል ላይ፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ የትኛውን ቁጥር እንደሚያስገባ ነው። ስለዚህ እዚህ የቀረበው አጠናን አብዛኛውን ጊዜያችሁን የሚወስደው እኩልታ ከመጻፉ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚወስደው ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ከቬክተር ተነሥቶ፣ በሜካኒክስ፣ በፈሳሾች፣ በሙቀትና በሞገድ አልፎ፣ ኤሌክትሪክና ማግኔት ላይ ይደርሳል። ይሮጣል። አሜሪካ ኮሌጅ ለምትገቡ ደግሞ ኮርሱ በሁለት ዓይነት ይሰጣል፦ አንዱ በካልኩለስ፣ ሌላው በአልጀብራ ብቻ። ኢንጂነሪንግ ያሰበ ሰው የሚፈለግበት ባለካልኩለሱ ስለሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት አድቫይዘር ጠይቁ።

1. ሒሳባችሁን አስቀድማችሁ ፈትሹ

ትምህርት ከመጀመሩ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ፊዚክሱን ሳይሆን ሒሳቡን ክለሱ። ወረቀት አውጡና እነዚህን ያለ እገዛ ሥሩ፦

72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስንት ሜትር በሰከንድ ነው? (20)
ከአግድም በ30 ዲግሪ ወደ ላይ የሚስብ የ10 ኒውተን ኃይል አግድምና ቁም ክፍሎቹ ስንት ናቸው? (8.66 እና 5)
5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስንት ካሬ ሜትር ነው? (0.0005)
«የመጨረሻ ፍጥነት ካሬ = የመነሻ ፍጥነት ካሬ + 2 × አክስለሬሽን × ርቀት» ከሚለው ውስጥ ርቀትን ለብቻው አውጡ።

ከአራቱ ሁለቱ ካስቸገሩ የቀራችሁን ጊዜ በሙሉ ለትሪጎኖሜትሪ፣ ለአሃድ ለውጥና ለአልጀብራ ስጡት። ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው 0.05 ብሎ ይመልሳል። ሳንቲ ሜትር በ100 ሲካፈል ካሬ ሳንቲ ሜትር ግን በ10,000 ነው የሚካፈለው። ይህ ስሕተት የፈሳሽ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ግፊቱን በ100 እጥፍ ያሳንሰዋል፤ ተማሪው ግን ሐሳቡ በደንብ ስለገባው የት እንደተሳሳተ አያገኘውም።

ከዚህ ሌላ ግራፍ ማንበብ ልመዱ። በፍጥነትና በጊዜ ግራፍ ላይ ተዳፋቱ አክስለሬሽን ነው፣ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ደግሞ የተጓዘው ርቀት። ይህን ብቻ አጥብቆ የያዘ ሰው ከእንቅስቃሴ እኩልታዎች ግማሹን በቃል መያዝ አያስፈልገውም።

2. የሚያስፈልግ ዕቃ

ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር። ለዚህ ኮርስ መደበኛው ካሲዮ ይበቃል፤ ግራፍ የሚሥለውን ውድ ካልኩሌተር አትግዙ። ሁልጊዜ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሳይን 30 ብላችሁ አስገቡ። 0.5 ካላችሁ ደህና ነው። −0.988 ካላችሁ ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ነው ያለውና ወደ ዲግሪ መልሱት። ሌላው ችግር ቅንፍ ነው፦ 12ን ለ2 × 3 ለማካፈል ያለ ቅንፍ 12 ÷ 2 × 3 ብትሉት 2 ሳይሆን 18 ይሰጣችኋል።

ለንባብ ሞጁሉ ብቻውን አይበቃም፤ የተሠሩ ምሳሌዎቹ ጥቂት ናቸው። የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስ በነፃ የሚያወርዱት የኮሌጅ ፊዚክስ መማሪያ አለው፣ ባለካልኩለስም በአልጀብራ ብቻ የተጻፈም። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት ደግሞ በስልክ የሚሠሩ ነፃ ሲሙሌሽኖች አሉት። ብዙዎቹን አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ስለሚቻል ካምፓስ ዋይፋይ ሲገኝ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ከሲኒየር የሚወረሰውን የሁለት ገጽ ሾርት ኖት በተመለከተ፦ ለመጨረሻ ቀን ክለሳ ይሁን፣ ለመማሪያ ግን አይሆንም። ፎርሙላው መቼ እንደማይሠራ አይነግራችሁም።

3. ከክፍል በፊትና በኋላ

ከክፍል በፊት 20 ደቂቃ፦ ሥዕሎቹን፣ ትርጓሜዎቹንና አንድ የተሠራ ምሳሌ እዩ። ካልገባችሁም አትጨነቁ፣ ጥያቄ ይዛችሁ መግባታችሁ ይበቃል። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራውን ምሳሌ ደብተር ዘግታችሁ እንደገና ሥሩት።

4. ሥዕሉ፦ ኮርሱ የሚያዝበትም የሚያመልጥበትም ቦታ

ፍሪ ቦዲ ዲያግራም የሚባለውን ሥዕል ብዙ ተማሪ ጊዜ ያባክናል ብሎ ይዘለዋል። ሜካኒክስ ላይ የሚጠፋው ማርክ አብዛኛው የሚጠፋው ግን እዚህ ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ አንድ አካል ብቻ ምረጡ። ሁለት ሳጥኖች በገመድ ከተያያዙ ሁለት ሥዕል ይሠራል። አካሉን ነጥብ አድርጉት። ከዚያ በእሱ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ብቻ በቀስት ሣሉ፤ እሱ ሌላው ላይ የሚያሳርፈውን አትጨምሩ።

አሁን እያንዳንዱን ቀስት «ይህን ኃይል የሚያሳርፈው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ መሬት፣ ወለል፣ ገመድ፣ እጅ፣ አየር ወይም ሌላ ስም ያለው ነገር መሆን አለበት። ስም ከሌለው ሰርዙት። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ሥዕል ላይ ብዙ ተማሪ ወደ ላይ የሚያመለክት «የውርወራ ኃይል» ይጨምራል። ማን ነው የሚያሳርፈው? እጅ ከኳሱ ተለይቷል። የአየር ሰበቃ (ፍሪክሽን) ካልተቆጠረ ኳሱ ላይ ያለው ቀስት አንድ ብቻ ነው፦ ወደ ታች፣ ክብደቱ። ወደ ላይ ያለው ፍጥነት ነው፣ ፍጥነት ደግሞ ኃይል አይደለም። እንዲሁም «ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን» የሚባል ቀስት የለም፤ እሱ የቀስቶቹ ሁሉ ድምር ውጤት እንጂ ራሱን የቻለ ኃይል አይደለም።

ቀጥሎ ዘንጎቹን (አክሲሶቹን) ምረጡ። አንዱ ዘንግ አካሉ በሚያክስለሬትበት አቅጣጫ ቢሆን ሒሳቡ ይቀላል። ፖዘቲቭ የትኛው ወገን እንደሆነ ሥዕሉ ላይ ጻፉና እስከ መጨረሻው አትቀይሩት።

በቁጥር እንየው። 5 ኪሎ ግራም ሳጥን በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ የሰበቃው ኮኤፊሸንት 0.2 ነው። ቀስቶቹ ሦስት ናቸው፦ ክብደት (መሬት)፣ ኖርማል ኃይል (ተዳፋቱ)፣ ሰበቃ (ያው ተዳፋቱ)። ክብደቱ 5 × 9.8 = 49 ኒውተን። ዘንጉን በተዳፋቱ ልክ ካጋደምነው ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል። በተዳፋቱ ቁልቁል 49 × ሳይን 30 = 24.5፣ ወደ ተዳፋቱ የሚጫነው 49 × ኮሳይን 30 = 42.4 ኒውተን። ስለዚህ ኖርማል ኃይሉ 42.4 እንጂ 49 አይደለም። ሰበቃው 0.2 × 42.4 = 8.5 ኒውተን፣ ወደ ላይ። ቀሪው ኃይል 24.5 − 8.5 = 16 ኒውተን፣ አክስለሬሽኑ 16 ÷ 5 = 3.2 ሜትር በሰከንድ ካሬ።

እዚህ ጋ ሦስት ወጥመዶች አሉ። «አግድም ሁልጊዜ ኮሳይን ነው» ብሎ የሸመደደ ሰው ሳይንና ኮሳይኑን ያቀያይራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ማዕዘኑን ዜሮ አድርጉት። ሜዳ ላይ ያለ ሳጥን ቁልቁል የሚስበው ኃይል የለም፣ ሳይን ዜሮም ዜሮ ነው፤ እንግዲያውስ ቁልቁሉ ሳይን ነው። ሁለተኛው ኖርማል ኃይልን ከክብደት ጋር እኩል አድርጎ መጀመር ነው፤ በዚህ ምሳሌ ሰበቃውን 9.8 ያደርገዋል። ሦስተኛው ሰበቃን ሁልጊዜ ወደ ላይ መሣል ነው። ያው ሳጥን ሽቅብ ተገፍቶ ከተለቀቀ በኋላ እየወጣ ሳለ ሰበቃው ወደ ታች ይዞራል። ያኔ 24.5 + 8.5 = 33 ኒውተን ወደ ታች ይስበዋል፣ ፍጥነቱም በየሰከንዱ በ6.6 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ሲወጣና ሲወርድ አክስለሬሽኑ የተለያየ በመሆኑ ሁለቱን በአንድ እኩልታ መሥራት አይቻልም።

ሊፍትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 60 ኪሎ ግራም ሰው ሚዛን ላይ ቆሞ ሊፍቱ በ2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ወደ ላይ ሲያክስለሬት ሚዛኑ 60 × (9.8 + 2) = 708 ኒውተን ያሳያል። ሊፍቱ ወደ ላይ እየሄደ ሊቆም ሲልስ? እንቅስቃሴው ወደ ላይ ቢሆንም አክስለሬሽኑ ወደ ታች ነው፤ መጠኑ 2 ከሆነ ሚዛኑ 468 ያሳያል። የሚወስነው የአክስለሬሽኑ አቅጣጫ ነው፣ ሊፍቱ ወዴት መሄዱ አይደለም።

የጥያቄው ቃላትም ሥዕሉን ይለውጣሉ። ወለሉ ልሙጥ ነው ከተባለ ሰበቃ አትሣሉ። ገመዱ ቀላል ነው ከተባለ ማሱ አይቆጠርም፤ እንዲህ ያለ ገመድ ሰበቃ በሌለውና ማሱ በማይቆጠር ፑሊ ሲያልፍ ደግሞ ውጥረቱ ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ነው። ከእረፍት ተነሣ ከተባለ የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው።

5. ዎርክሺት አሠራር

የተሠራ መልስ ማንበብ የገባን ያስመስላል። መፍትሔውን በወረቀት ሸፍኑና ጀምሩ፤ ስትቸገሩ አንድ መስመር ብቻ ገልጣችሁ መልሳችሁ ሸፍኑ። ተገልጦ የተሠራውን ጥያቄ ምልክት አድርጉበትና ከሁለት ቀን በኋላ ከባዶ ወረቀት እንደገና ሥሩት። ያለ እገዛ እስካልወጣ ድረስ እንደተሠራ አትቁጠሩት። ፎቶ አንሥቶ መልስ የሚያመጣ አፕ የምትጠቀሙም ከሆነ ቢያንስ ሥዕሉን ሠርታችሁ እኩልታውን ከጻፋችሁ በኋላ ብቻ ይሁን፣ ለማመሳከር።

ቁጥር እስከ መጨረሻው መስመር አታስገቡ። በምልክት ስትሠሩ ከላይ ባለው የሳጥን ምሳሌ ማሱ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል፤ 5 ኪሎ ይሁን 50 ኪሎ አክስለሬሽኑ ያው 3.2 ነው። ቁጥር ቀድሞ ያስገባ ሰው ይህን ሳያይ ያልፋል።

የስሕተት ደብተር ያዙ። ትክክለኛውን መልስ ሳይሆን የስሕተቱን ዓይነት ጻፉበት፦ ሥዕል፣ ምልክት፣ አሃድ፣ አልጀብራ ወይስ ጥያቄውን አለማንበብ። ሚድ ሲደርስ ምን መከለስ እንዳለባችሁ ደብተሩ ይነግራችኋል።

6. ቁጥር የሌላቸውን ጥያቄዎች ሥሩ

በስሌት ጎበዝ የሆነ ተማሪ ጽንሰ ሐሳብ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ሞክሩ፦ በ220 ቮልት የሚሠሩ ሁለት ባለፊላመንት አምፖሎች፣ አንዱ 100 ዋት ሌላው 40 ዋት፣ በተከታታይ ቢያያዙና 220 ቮልት ቢሰጣቸው የትኛው ይደምቃል? ብዙው «100 ዋቱ» ይላል። የ100 ዋቱ ሬዚስታንስ 484 ኦም፣ የ40 ዋቱ 1210 ኦም ነው። በተከታታይ ሲሆኑ የሚያልፍባቸው ከረንት እኩል ነው፣ ከረንት አንዱ አምፖል ውስጥ አያልቅም። ስለዚህ ሬዚስታንሱ የበዛው 40 ዋቱ ይደምቃል። ይህን በቤት መስመር አትሞክሩት፤ የፌት የሰርኪት ሲሙሌሽን ላይ ሁለት የተለያየ ሬዚስታንስ ያላቸው አምፖሎች አያይዛችሁ ማየት ትችላላችሁ።

በግሩፕ ስታጠኑ የሃርቫርዱ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ያስለመደው መንገድ ጥሩ ነው፦ ጥያቄው ይነበባል፣ እያንዳንዱ ብቻውን መልሱን ይጽፋል፣ የተለያየ መልስ ያላቸው ይከራከራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይመለሳል። ጎበዙ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ ሌላው የሚገለብጥበት ግሩፕ የሚጠቅመው ጎበዙን ብቻ ነው።

7. ላብራቶሪ

የፔንዱለም ሙከራ ላይ የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ አትለኩ። ገመዱ 1 ሜትር ከሆነ አንዱ ውዝዋዜ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ እጃችሁ ስቶፕ ዎቹን ለመጫን 0.2 ሰከንድ ቢስት ስሕተቱ 10 በመቶ ነው። 20 ውዝዋዜ ለክታችሁ ለ20 ስታካፍሉ ያው ስሕተት ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል። ርዝመቱ የሚለካው እስከ ኳሷ መሐል ነው፣ እስከ ቋጠሮው አይደለም። ማዕዘኑም ከ10 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ሪፖርት ላይ ካልኩሌተር የሰጣችሁን ዘጠኝ አሃዝ በሙሉ አትገልብጡ፤ በማስመሪያ የተለካ ርዝመት ያን ያህል ትክክለኛነት የለውም።

8. ፈተናው

የመጨረሻው ሳምንት ቸከላ የድሮ ፈተናዎችን በሰዓት ገድቦ መሥራት ቢሆን ይሻላል፤ አዲስ ምዕራፍ ለመጀመር አይመችም። ፈተና ላይ መጀመሪያ ሁሉንም አንብቡና የምታውቁትን አስቀድሙ። ጽሑፍ ጥያቄ ከሆነ ሥዕሉና በምልክት የተጻፈው እኩልታ ወረቀቱ ላይ ይቅሩ፤ ስሌቱ ቢበላሽ እንኳ ብዙ መምህር ለእነሱ ማርክ ይሰጣል። ምርጫ ከሆነ ስሌት ሳትጀምሩ አሃዳቸው የማይገጥመውን አውጡ። ከዚያ ጽንፉን ሞክሩ፦ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ሲሆን የሳጥኑ አክስለሬሽን 9.8 ካልሰጠ ያ ምርጫ ስሕተት ነው። የቀሩት ሁለት ከሆኑ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ ስሌቱን አሁን ጀምሩ።