ከጎንደር ላሊበላ በአየር፦ ርቀቱንና ጊዜውን ራስዎ ያስሉት

እርሳስ፣ ወረቀትና የስልክዎ ማስሊያ ይበቃሉ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ለእንግዶች ጉዞ በማመቻቸት የምተዳደር ሰው ነኝና፣ «ላሊበላ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ለሚለኝ ሁሉ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የማሰላው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ አውሮፕላን ማረፊያዎቹ ያሉበትን ነጥብ ካርታ ላይ ይፈልጉ። የከተሞቹን መሐል አይውሰዱ፤ የእኛው አፄ ቴዎድሮስ አዘዞ ነው፣ የላሊበላውም ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አዘዞ በሰሜን ኬክሮስ 12.52፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.43 ዲግሪ ላይ ይገኛል። የላሊበላው 11.98 እና 38.98 ነው። ልዩነታቸው በኬክሮስ 0.54፣ በኬንትሮስ 1.55 ይሆናል።

አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 0.54ቱ 60 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። የኬንትሮስ መስመሮች ግን ወደ ዋልታዎቹ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ 1.55ን በ111 ካባዙ በኋላ በ12 ዲግሪ ኮሳይን፣ ማለትም በ0.98 ደግመው ያባዙት፤ 169 ይመጣል። የቀረው ትምህርት ቤት የተማርነው ፓይታጎረስ ነው። 60ንም 169ንም በየራሳቸው አባዝተው ይደምሩና የድምሩን ስኩዌር ሩት ይውሰዱ፦ 179 ኪሎ ሜትር። «ምድር ክብ አይደለችም ወይ?» ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። ክብ ናት፤ በዚህች አጭር ርቀት ግን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። መኪናው በአዲስ ዘመን፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና ስለሚዞር መንገዱን እጥፍ ያህል ያደርገዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ጊዜው ላይ ነው። በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከፍታውን ከያዘ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። 179ን ለ600 አካፍለው በ60 ሲያባዙ 18 ደቂቃ ያገኛሉ። በ18 ደቂቃ ግን ማንም አይደርስም፤ አውሮፕላኑ ሲወጣም ሲወርድም በዚያ ፍጥነት አይሄድም። እኔ ለዚህ 15 ደቂቃ እጨምርና 33 እላለሁ። አዲስ አበባን በዚሁ ይሞክሩት፦ 420 ኪሎ ሜትር፣ 42 ደቂቃ፣ ከ15 ጋር 57። ርቀቱ ከእጥፍ አልፎ ጊዜው እጥፍ እንኳን አልሞላም፤ ያቺ 15 ደቂቃ ለቅርቡም ለሩቁም እኩል ትከፈላለችና።

ትኬት ላይ የሚያነቡት ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ስለሚቆጠር፣ መሬት ላይ የሚሽከረከርበትም ይገባበታል።

የዕለቱን ቀጥታ በረራ ሳያረጋግጡ ደግሞ በእኔ 33 ደቂቃ አይጽናኑ። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ 420 እና 330፣ በድምሩ 750 ኪሎ ሜትር ሊበሩ ነው። ከቀጥታው አራት እጥፍ ይበልጣል፤ ቦሌ ተቀምጠው የሚጠብቁት ሳይቆጠር።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ትኬቱ 07:30 ካለ ከጠዋቱ 1፡30 ነው፤ 13:00 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት። ስድስት መቀነስ ብቻ ነው፤ ሆኖም 7 የምትለዋን አይቶ ምሳውን በልቶ የሚመጣ መንገደኛ ዛሬም አለ።

ቀጥታውን ካገኙ የግራ መስኮት ይጠይቁ፤ ሰማዩ ከጠራ የሰሜን ተራሮች በዚያ በኩል ናቸው። ጉና በቀኝ ነው፤ እሱን በመኪና የሄዱ ዕለት ይጠግቡታል።