ክረምት ላይ ጎንደርንና ዙሪያዋን ለማየት የወጣ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዘመድ ከሩቅ ሲሰበሰብ ጎንደር ላይ «እስቲ ከተማችንን እንያት» የማይባልበት ቤት የለም። ክረምቱ ለዚህ ደግ ጊዜ ነው፤ ተራራው አረንጓዴ፣ ወንዙ ሙሉ፣ የነገሥታቱ ግንቦች ያሉበት ግቢ ጭር ያለ ነው። ግን ከዝናቡ ጋር ተስማምቶ መውጣት ያስፈልጋል።

ከምሳ በኋላ መውጣት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ገለጥ ይላል፣ ረፋዱ ላይ ደመና ይከማቻል፣ ከሰዓት ይወርዳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ ተነሱ፣ 6 ሰዓት ላይ ከጣሪያ ሥር ሁኑ። ሽቅቡን አስቀድሙ፦ መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ያለውን የቁስቋም ደብር፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ፋሲል መዋኛ። ተገላቢጦሹን የሄደ ሰው ዳገቱ ላይ ዝናብ ያገኘዋል፤ ጭቃው ደግሞ ሁለት እርምጃ አስወጥቶ አንዱን ይመልሳል። ነጎድጓድ ከተሰማ ከኮረብታው ጫፍ ውረዱ፣ ለብቻው በቆመ ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ጃንጥላ ነፋስ ይገለብጠዋል፤ የዝናብ ልብስና ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ይሻላል። ስልክና ማስታወሻ ደብተር በሁለት ፌስታል ይጠቅለል።

የሞላ ወንዝ መድፈር

አደገኛው ስህተት ይህ ነው። ቀሃም ሆነ አንገረብ እናንተ ባላችሁበት ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል፣ ዝናቡ የጣለው ላይኛው ተራራ ላይ ነውና። ምልክቱን እወቁ፦ ጠርቶ ይወርድ የነበረው ውኃ በድንገት ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ድምፁ ይወፍራል። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱና ከፍ ካለ ቦታ ጠብቁ። ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውኃ ጠንካራ ጎልማሳን ይጥላል፤ ልጅ ይዞ መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ድልድይ ድረስ ዞሮ መሄድ ቢያደክምም ይሻላል።

ግንብ ላይ መውጣት

የጎንደር ግንቦች ድንጋይ በኖራ ተያይዞ የተሠሩ ናቸው። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ኖራውን ያጥባል፤ የዛፍና የቁጥቋጦ ሥርም ያንኑ ስንጥቅ ተከትሎ ይገባል። በክረምት ላዩ የድንጋይ ሽበት ይይዛል፣ ያንሸራትታል፤ እግር ያረፈበት ድንጋይም ሊነቀል ይችላል። ፎቶ ለመነሣት ብሎ የወጣ ሰው ራሱንም ግንቡንም ይጎዳል። ይልቅ በፋሲል መዋኛ አጥር ዳር ቆም በሉና የዛፎቹን ሥር ከቅርብ እዩት፤ እንደ ገመድ ተገምዶ ድንጋዩን አቅፎ ይወርዳል፣ የቱ የቱን እንደያዘ መለየት እስኪያስቸግር። መዋኛው በውኃ ሞልቶ የሚታየው ለጥምቀት ነው፤ ክረምት ሄዶ ባዶ አገኘሁት ብሎ ማዘን አይገባም፤ ያኔ በሕዝብ ብዛት የማይታየው ግንብ አሁን በእርጋታ ይታያል።

«ሁሉንም ፋሲል ሠራው» ማለት፣ ወይም «ፖርቱጋሎች ሠሩት»

ልጆችን የሚያስጎበኙ ብዙ ሰዎች ይህንን ይሉታል። ዐፄ ፋሲል ከፖርቱጋል በኩል የመጡትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ኢየሱሳውያንን፣ ከሀገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ታላቁ ግንብ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ግቢው ደግሞ የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደለም። የፋሲልን ግንብ አይታችሁ ወደ ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ ወደ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ ወደ ዳዊት መዝሙር ቤት፣ ወደ በካፋ፣ መጨረሻ ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግንብ ብትሄዱ የመቶ ዓመት ታሪክ በተራው ይታያችኋል። የኢያሱ ግንብ ላይ የሚታየው ጉዳት ከፊሉ እንግሊዞች በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ከጣሉት ቦምብ የመጣ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አለመለየትም ብዙ ያሳስታል። ከተማዋ የተቆረቆረችበት ዓመት በአንዱ ጽሑፍ 1628፣ በሌላው 1636 ተብሎ ቢገኝ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ግቢው በዩኔስኮ የተመዘገበውም በእኛ 1972፣ በእነሱ 1979 ነው። ቁጥር ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ወዲያው አብራችሁ ጻፉ፤ ማታ ቤት ገብቶ ለመለየት መሞከር ያምታታል።

ፍልሰታን መርሳት

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቅዳሴው ብዙውን ጊዜ ከቀትር ጀምሮ እስከ ከሰዓት ይዘልቃል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለማየት የሚሄድ ሰው በዚያ ሰዓት ከደረሰ ጣሪያውን የሞላውን የመላእክት ሥዕል ሳያይ ይመለሳል። ጠዋት ሂዱ፣ ነጠላ ያዙ፤ በረጠበ ካልሲ ምንጣፍ ላይ እንዳትወጡ ደረቅ ካልሲ በኪስ ይኑር። ብልጭታ ያለው ፎቶ አታንሡ፣ ቀለሙን እንዳይጎዳ ይሠጋል።

ወፉን ሳያዩ ማለፍ

በግቢው ውስጥ ያለውን አንበሳ ቤት አይቶ ቀና ሳይል የሚወጣ ብዙ ነው። ግንቡ ጫፍ ላይ የሚያርፉት ማጅራታቸው ነጭ የሆነ እርግቦችና ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኙም። ጠዋት በዝግታ የቆመ ሰው ሁለቱንም ያያቸዋል።

የሰው ማሳ መርገጥ

በወለቃም ሆነ በኮሶዬ በኩል ስትወጡ የበቀለው ሣር መስሏችሁ ጤፍ ልትረግጡ ትችላላችሁ። በወሰኑ ሂዱ፤ ወሰኑ ላይ ሳማ ስለሚኖር ረጅም ሱሪ ይሁን። ኮሶዬ ጉም ከዋለበት ቆላው ጨርሶ አይታይም፣ ስለዚህ ከመነሣት በፊት እዚያ ያለ ሰው ይደወልለት። ጎርጎራ የሚሄድ ደግሞ ጣና ዳር አይዋኝ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ከከተማ ለመውጣት የመንገዱን ደኅንነት በዋዜማው ከመናኸሪያ ሾፌሮች መጠየቅ የግድ ነው።

ሽማግሌን በአረም ቀን መጠየቅ

ስለ ቦታው ታሪክ የምትጠይቁት ገበሬ በነሐሴ አረም ላይ ነው፤ ቆሞ ቢያወራችሁም ልቡ ማሳው ላይ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም አካባቢ ሂዱ። ካህን ካገኛችሁ መስቀል ተሳልማችሁ፣ «አባ፣ ይህን ቦታ ድሮ ምን ይሉት ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። «ታሪኩን ይንገሩን» ከተባለ የተለመደው ይነገራል፤ ስለ አንድ ምንጭ፣ ስለ አንድ ሰፈር ከተጠየቀ ግን ዝርዝሩ ይወጣል። ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሽማግሌና ለአንዲት እናትም አቅርቡ፤ መልሶቹ ቢለያዩ ሁሉንም ከነተናጋሪው ጻፉ።