በዓልን በጤና ለማሳለፍ፦ ከበግ ተራ እስከ ሦስተኛው ቀን ድስት

ጅማ ውስጥ በዓል የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። እንቁጣጣሽና መስቀል፣ ገናና ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በዓመቱ ውስጥ በየተራቸው ሲመጡ፣ ክርስቲያኑ በሙስሊሙ ቤት፣ ሙስሊሙም በክርስቲያኑ ቤት እንግዳ ስለሚሆን፣ የአንዱ ጾም መፍቻ ለሌላውም የግብዣ ቀን ነው። ስለዚህ «በበዓል ቀን ትንሽ ይብሉ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ብዙም አያስኬድም። ደግሞም በበዓል ማግስት ሰውን የሚጥለው ብዙ መብላት ብቻ አይደለም፤ በእርድ ቦታ፣ በመክተፊያና በድስት አያያዝ ላይ የሚፈጠሩ ጥቃቅን ስሕተቶች የበለጠ ይጎዳሉ። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል የተጻፈው እነዚህን ስሕተቶች ለመቀነስ ነው።

1. የሚታረደውን አስኪደው ይግዙ

በግ ወይም ፍየል ሲገዙ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት ጥቂት ርምጃ አስኪደው ይመልከቱት። ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው ንፍጥ የሌለበትና ሳያነክስ የሚራመድ መሆን አለበት፤ የሚያስል ወይም አንገቱን ደፍቶ የሚተኛ ከሆነ ርካሽነቱ አያታልልዎ። በድንገት የሞተ ወይም ሊሞት ሲል «ሳይበላሽ እንረደው» የተባለ ከብት ግን ጨርሶ ሊነካ አይገባም፤ አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ሥጋውን የበላውን ብቻ ሳይሆን ቆዳውን የገፈፈውንና የበለተውንም ሰው ይይዛል። ቅርጫ የሚገቡ ከሆነ ደግሞ በሬው በቄራ እንዲታረድና ሥጋው በባለሙያ እንዲመረመር ከቡድኑ አንድ ሰው አጥብቆ ቢከራከር ነገር አበዛ ሊባል አይገባም።

2. ጉበቱንና ሳንባውን በብርሃን ይዩ

በግቢ ውስጥ በጉ ተገፎ ሆዱ ሲከፈት ልጆች ይከባሉ፣ የሰፈሩ ውሾችም አጥር ሥር ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ብዙ ቤት ያለ ሐሳብ የሚፈጸም አንድ ልማድ አለ፤ የማይበላው ሳንባና የተበላሸ የጉበት ክፍል ለውሻ ይወረወራል። ከመወርወርዎ በፊት ጉበቱንና ሳንባውን አገላብጠው ይመልከቱ። ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል እብጠት ካገኙ አይብሱት፣ ለውሻም አይስጡት። በውስጡ ያለው የሃይዳቲድ ትል እጭ ሲሆን፣ ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ከዚያም በጓሮ አትክልት ወይም ውሻውን በዳሰሱ ልጆች እጅ በኩል ወደ ሰው አፍ ይደርሳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ የሚሠራው ከረጢት ቀስ እያለ ለዓመታት የሚያድግ በመሆኑ ሕመሙ ሲታወቅ የበጉን ነገር የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። እንዲህ ያለውን ክፍል ያቃጥሉ፣ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ።

3. የዶሮውን ውሃ ከሰላጣው ያርቁ

የውጭ አገር የምግብ ንጽሕና መመሪያዎች ጥሬ ዶሮ እንዳይታጠብ ይመክራሉ፤ ምክንያቱም የሚረጨው ውሃ ሳልሞኔላን የመሰሉ ተሕዋስያንን በወጥ ቤቱ ሁሉ ያዳርሳል። ዶሮ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ሳያጥብ ወጥ የሚሠራ የአገራችን ሰው ግን አላየሁም፣ ይኖራል ብዬም አልጠብቅም። እንግዲያው ማጠቡ ካልቀረ በጎድጓዳ ሳፋ፣ ውሃ ሳያፈናጥሩ፣ ከተቻለም በጓሮ ይሁን። አሥራ ሁለቱ ብልቶች የወጡበት መክተፊያና ቢላ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሳይታጠብ ቲማቲምና ቃሪያ አይከተፍበት። ወጡ ራሱ ረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፤ እሳት የማይነካው ሰላጣ ግን የያዘውን ይዞ ገበታ ላይ ይቀርባል። እጅንም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

4. ሰሃንዎን ባዶ አያድርጉ

ከ55 ቀን ጾም በኋላ በቅቤ ያበደ ዶሮ ወጥ ላይ በባዶ ሆድ መውረድ ቃርንና የሆድ መነፋትን መጥራት ነው። ጾም ሲፈታ ተልባ የሚያስቀድሙ እናቶች ነገሩን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል፤ ኢድ ላይም በቴምርና በሾርባ መጀመር ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ጎመንና ሰላጣ ያስቀድሙ፣ ሥጋውን ከዚያ ያስከትሉ።

ከባዱ ነገር አስተናጋጁን እምቢ ማለት ነው። «ጠገብኩ» የሚለውን ቃል «በሞቴ» ያሸንፈዋል። የሚሠራው ዘዴ ቀስ ብሎ መብላትና ሰሃን ጥግ ላይ ጥቂት ማስተረፍ ነው፤ ባዶ ሰሃን ጭልፋ ይጠራልና። አራት ቤት የሚጠብቅዎ ከሆነ ምሳ የሚበሉበትን አንዱን ቤት አስቀድመው ይወስኑ፣ በሌሎቹ ቡና ይጠጡ።

የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን «ዛሬስ በዓል ነው» ብለው ሊያቋርጡ አይገባም። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ስለሚይዝ፣ በየቤቱ አንድ አንድ ጠርሙስ የተቀበለ ሰው ሳያስበው የቀኑን ድርሻ ያልፋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ምግብ ሳይበላ ጠጅ ወይም አረቄ ቢጠጣ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሲታይበት እንደ ስካር ቆጥረው አይተዉት፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በጥብጠው ያጠጡት፣ ካልቻለ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

5. ቡናው ሲፈላ መስኮት ይከፈት

አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪዳረስ ከሰሉ ለሰዓታት ይነዳል፤ ዝናብ ወይም ብርድ ካለ በሩ ይዘጋል፣ ዕጣኑም ይጨመርበታል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የዕጣኑ መዓዛ አየሩን ጥሩ ያስመስለዋል። ቤት ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ወጡን ከመጠርጠር በፊት ሁሉም ወደ ውጭ ይውጡ። ማንደጃው እሳት እንደያዘ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ አይፈቀድም።

6. የተረፈውን ይከፋፍሉ

የጅማ አየር ሞቅ ያለና እርጥበት የበዛበት በመሆኑ ምግብ ቶሎ ይበላሻል። የበሰለ ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ትልቁን ድስት እንደ ሙቀቱ ፍሪጅ ውስጥ ቢያስገቡት መሃሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ ወጡን ወደ ትናንሽ ዕቃዎች ገልብጠው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አብርደው ያስገቡት። ሲመገቡም የሚበላውን ያህል ብቻ አውጥተው እስኪንተከተክ ያሙቁ። ፍሪጅ የሌለበት ቤት ድስቱን ጠዋትና ማታ ማፍላት ከምንም ይሻላል፣ ሆኖም አንዳንድ ባክቴሪያዎች ትተውት የሚሄዱት መርዝ በማፍላት እንደማይጠፋ መታወቅ አለበት። በሦስተኛው ቀን የተጠራጠሩትን ወጥ «ያሳዝናል» ብለው አይቅመሱት። ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በጥቂት በጥቂቱ ያጠጡት፤ ደም ከታየ ወይም ሕፃኑ ከደከመ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ለሚወዱ ሰዎች የሚቀረው ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የኮሶ ትል በአንጀት ውስጥ አድጎ ቁርጥራጩ መውጣት የሚጀምረው ሥጋው ከተበላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ በገና የተበላው ጥሬ ሥጋ ሒሳቡን የሚጠይቀው ሰውየው በሁዳዴ ጾም ሽሮ እየበላ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ኮሶ ከመጠጣት ይልቅ ጤና ጣቢያ ሄዶ በምርመራ የሚታዘዘውን መድኃኒት መውሰድ ይሻላል።