ዘይት ውስጥ የማይጠበስ ዳቦ ቆሎ፦ ለጎረምሶችና ለኮረዶች መክሰስ

ጎረምሳ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ነው የሚበላ ነገር የሚፈልገው። እራት እስኪደርስ ጠብቅ ብትሉት ሱቅ ወርዶ ቺፕስና ለስላሳ ይገዛል። ሙዝ አቅርቦ "ይኸው ብላ" ማለት ብቻውን አያዋጣም። በዚህ ዕድሜ የሚወደደው የሚቆረጠምና ቃጠል የሚያደርግ ነገር ነው። ዳቦ ቆሎ ሁለቱንም ያሟላል። ዘይት ውስጥ የሚጠብሱትም አሉ፤ እኔ የምመክረው ግን በደረቁ የሚቆላውን ነው።

2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ የሽምብራ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አዘጋጁ። ጥቁር አዝሙድ ካለ ቆንጠር አድርጉበት። በሽምብራው ፋንታ ሽሮ አትጠቀሙ፤ ጨውና ቅመሙ ይበዛል። ስኳር አያስፈልገውም።

ሽምብራውን የምጨምረው በምክንያት ነው። ፕሮቲን ስላለው ቶሎ አያስርብም፤ ብረትም አለው። ኮረዶች በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው ከወንዶቹ የበለጠ ብረት ያስፈልጋቸዋል።

ደረቁን ሁሉ ቀላቅሉ። ዘይቱን ጨምራችሁ በእጃችሁ እሹት። ከዚያ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ያለ ሊጥ አቡኩ። ሸፍናችሁ 15 ደቂቃ አሳርፉት።

አሁን ከሊጡ ትንሽ ትንሽ እየቆረሳችሁ እንደ እርሳስ ቀጭን አድርጋችሁ አድቦልቡሉ። ሽምብራ እንደ ስንዴ ስለማይለጠጥ ሊበጣጠስ ይችላል፤ እጃችሁን በውሃ ነካ አድርጋችሁ ቀጥሉ። የቀረው ሊጥ እንዳይደርቅ ተሸፍኖ ይቆይ። ከዚያ በቢላዋ የሽምብራ ፍሬ እያሳከላችሁ ቁረጡ። መጠኑ እኩል ይሁን። ካልሆነ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሥራ ለልጆቹ ስጧቸው፤ ራሳቸው የሠሩትን ደስ ብሏቸው ይበላሉ።

ዋናው ፈተና አቆላሉ ላይ ነው። ወፈር ያለ መጥበሻ ወይም የሸክላ ምጣድ ተጠቀሙ። ስስ መጥበሻ አንድ ቦታ ላይ ስለሚግል ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሳቱ ዝቅ ይበል። ሳይደራረብ በአንድ ረድፍ ብቻ ጨምሩ፤ የቀረውን በሌላ ዙር ትቆላላችሁ። በእንጨት ማንኪያ ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ ላይ ለስለስ ብሎ ድምፅ አይኖረውም። እየደረቀ ሲሄድ መጥበሻውን ሲነካ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ያኔም አትቸኩሉ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። "ቶሎ ይለቅልኝ" ብላችሁ እሳት ብትጨምሩ በርበሬው ያርና ይመራል፤ ውስጡም አይደርቅም።

መድረሱን ለማወቅ አንዷን አውጥታችሁ አቀዝቅዙ። ትኩሱ ሁልጊዜ ለስላሳ ስለሚመስል በትኩሱ መፍረድ አይቻልም። ስትቀዘቅዝ ስበሯት። መሃሏ ነጣ ብሎ ከተጣበቀ ገና ነው። ዙሪያዋና መሃሏ እኩል ደርቆ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርሷል።

ኦቨን ያላችሁ በ175 ዲግሪ 25 ደቂቃ ያህል ጋግሩት፤ መሃል ላይ አንዴ አገላብጡት። ለብዙ ልጅ ስትሠሩ ይህ ይቀላል። ጣዕሙ ግን የምጣዱን አያህልም።

ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ አትክተቱት፤ በእንፋሎቱ ይላላል። በደንብ ከደረቀና ክዳኑ ከገጠመ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

ስታቀርቡ በትንሽ ሳህን ለክታችሁ ስጡ፤ ዕቃውን ካስረከባችሁ በአንድ ቀን ያልቃል። የተቆላ ለውዝ ወይም ሱፍ ብትቀላቅሉበት ደግሞ የበለጠ ያጠግባል። ከሻይ ጋር ግን ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሻይ ሰውነት የሽምብራውን ብረት በደንብ እንዳይወስድ ያግዳል። ብርቱካን በተቃራኒው ያግዛል። ሻዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድረስ።