ባለበት የማይቆም ድሮን

ለገጣፎ ነው የምሞክረው። ያገለገለው የካሜራ ድሮኔ ከመሬት ሲነሳ ባለበት አይቆምም፤ እየሰፋ በሚሄድ ክብ ይዞራል። ስልኩም የኮምፓስ ስህተት ይላል።

ፕሮፔለር ቀየርኩ። ሶፍትዌሩን አፕዴት አደረግሁ። ግቢ ውስጥ ኮምፓሱን ደጋግሜ ካሊብሬት ባደርገውም (ልኩን ባስተካክለውም) ወይ ፍንክች!

ነገሩ ለካ ወዲህ ነው። ኮምፓሱ የሚያነበው የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ የግቢው አጥር ደግሞ ቆርቆሮ፣ ከሊሾው ሥር ፌሮ። ብረት ካለበት ልኩን ይስታል።

ሣር ሜዳ ወጣሁ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ከኢንሳ፣ ፈቃድ ይዤ ነው፣ ያለሱ እንዳትሞክሩት)። ስልክ፣ ቁልፍና ሰዓቴን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። እዚያ ኮምፓሱን እንደገና ካሊብሬት አደረግሁ፦ ድሮኑን አግድም ይዤ አንድ ሙሉ ዙር ዞርኩ፤ ከዚያ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቼ ሌላ ዙር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አሁን አየር ላይ እንደተቸነከረ ቀጥ ይላል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ግን ትንሽ ይወዛወዛል፤ ጠዋት ይሻላል።